ከእገዳ ይልቅ ሥራ፦ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የቅጣት ለውጥ ታሪክ

ጥፋት የሠራን ተማሪ ለቀናት ከትምህርት ገበታው አግዶ ቤቱ ከማስቀመጥ ይልቅ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለአካባቢው ሕዝብ የሚጠቅም ሥራ እንዲሠራ ማድረግ የማኅበረሰብ አገልግሎት ቅጣት ይባላል። ግቢ ማጽዳት፣ ችግኝ መትከልና መንከባከብ፣ በቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት መደርደር፣ ታናናሾችን ማስጠናት፣ ለችግረኞች ምግብ በሚታደልበት ቦታ ማገዝ ከተለመዱት ሥራዎች መካከል ናቸው። አሠራሩ በልዩ ልዩ አገሮች ቢታወቅም ታሪኩ በዩናይትድ ስቴትስ በሰፊው ተመዝግቦ ይገኛል፤ በዚያ አገር ትምህርት ቤት ተማሪውን እንዴት ይቅጣ የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ፍርድ ቤት ቆሟል። ታሪኩ ከሁለት ምንጭ ይነሣል። አንዱ ከዱላ ወደ እገዳ የተጓዘው የትምህርት ቤት ሥርዓት ነው። ሌላው ከመቀጮና ከእስራት ሌላ መውጫ ሲፈልግ የነበረው የወንጀል ችሎት ነው። ሁለቱ የተገናኙት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የአሜሪካ የገጠር ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ አንድ ክፍል፣ አንድ መምህርና አንድ አርጩሜ ነበር። መምህሩ በወላጅ ቦታ የቆመ ሰው ነው ተብሎ ስለሚታመን የመግረፍ ሥልጣኑን የሚጠይቀው አልነበረም። ግርፋትን በሌላ ነገር ለመተካት ከሞከሩት መካከል ስሙ በሰፊው የታወቀው እንግሊዛዊው ጆሴፍ ላንካስተር ነው። እርሱ በ1803 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ዘዴ ትልልቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቹን የሚያስተምሩበት፣ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች በአንድ አዳራሽ የሚማሩበት ርካሽ ሥርዓት ነበር፤ ኒውዮርክ በ1806 በድሆች ትምህርት ቤቶቿ ተቀበለችው። ላንካስተር ዱላን ይጠላ ነበር። በምትኩ ያዘጋጀው ግን ለዛሬ አንባቢ ከዱላ የተሻለ አይመስልም፦ በጥፋተኛው አንገት ግንድ ማሰር፣ ወይም ልጁን በቅርጫት አድርጎ ከጣሪያ በማንጠልጠል ጓደኞቹ እንዲስቁበት ማድረግ። ቅጣቱ ከገላ ወደ ክብር ተሻገረ እንጂ አልቀለለም። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ የሥራ ቅጣት ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ያው ስለሆነ ነው፤ ልጁ በሰው ፊት መጥረጊያ ይዞ ሲቆም የሚማረው ምንድን ነው?

በዱላ ላይ ትልቁ ሙግት የተነሣው በማሳቹሴትስ ነው። የግዛቱ የትምህርት ቦርድ ጸሐፊ ሆራስ ማን በ1843 ወደ አውሮፓ ተጉዞ የፕሩሺያን ትምህርት ቤቶች ጎበኘ፤ ሲመለስም መምህራኑ ሳይገርፉ ክፍል ሲመሩ ማየቱን በዓመታዊ ሪፖርቱ አስፍሮ አመሰገናቸው። ምስጋናው ለቦስተን መምህራን ስድብ ሆነባቸው። በ1844 ከእነርሱ 31ዱ ተሰብስበው ያለ ዱላ ሥርዓት የለም የሚል ረጅም መልስ አሳተሙ፤ እርሱም መልሶ ጻፈ፤ እነርሱም ደገሙ። በሕግ ደረጃ ለውጡ እጅግ አዝጋሚ ነበር። ኒው ጀርሲ በ1867 አካላዊ ቅጣትን በትምህርት ቤት ስትከለክል ቀዳሚዋ ግዛት ሆነች፤ ሁለተኛዋ ማሳቹሴትስ የተከተለቻት በ1971 ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ ማለት ነው።

በዚህ መሐል ትምህርት ግዴታ ሆነ። ማሳቹሴትስ በ1852 የጀመረችውን ሕግ ሌሎቹ ግዛቶች አንድ በአንድ ተቀብለው በ1918 ሚሲሲፒ የመጨረሻዋ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ በአንድ በኩል ልጁን በሕግ አስገድዶ ያስመጣል፣ በሌላ በኩል ሲያጠፋ አውጥቶ ይልካል። ይህ ቅራኔ በዘመኑ እምብዛም አላሳሰበም። ከተሞች አድገው፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችን ሲይዙ፣ ርዕሰ መምህሩ ሁሉንም በስም ማወቅ አልቻለም፤ አስቸጋሪውን ለጥቂት ቀናት ከግቢ ማስወጣት ፈጣን መፍትሔ ሆነ። እገዳ መግረፊያም፣ ጠባቂም፣ ክፍልም አይፈልግም። ወጪውን የሚሸፍነው ወላጅ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ «ወላጅ ይዘህ ና» የተባለ ተማሪ አባት ወይም እናት ከሥራቸው ቀርተው ዳይሬክተሩ በር ላይ ሲቆሙ የሚሆነውን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሒሳብ ለመረዳት አይቸገርም። በዚያው በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ከክፍል የተባረረ ልጅ ቆሻሻ እንዲለቅም፣ አበባ እንዲያጠጣ ወይም ጉድጓድ እንዲቆፍር ማዘዝም የታወቀ ነው፤ ልዩነቱ ትእዛዙ የመምህሩ እንጂ የሕግ አለመሆኑ ነው።

እገዳ የፖለቲካ ጥያቄ የሆነው ከዘር መለያየት ጋር በተደረገው ትግል ነው። የአላባማ ስቴት ኮሌጅ በ1960 ለነጮች ብቻ በተለየ የምግብ ቤት ተቀምጠው ተቃውሟቸውን የገለጹ ጥቁር ተማሪዎችን ሳይሰማ አባረረ፤ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1961 በዲክሰን መዝገብ የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን ከማባረሩ በፊት ክሱን ሊነግረውና ቃሉን ሊሰማ ይገባል ብሎ ወሰነ። በ1963 የጸደይ ወራት በበርሚንግሃም ከተማ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ለመብት ሰልፍ ወጥተው በፖሊስ ውሻና በውኃ መድፍ ከተበተኑ በኋላ የከተማው የትምህርት ቦርድ ከ1,000 በላይ የሚሆኑትን ከትምህርት አገደ፣ አባረረም፤ ውሳኔው በጥቂት ቀናት ውስጥ በይግባኝ ዳኛው ኤልበርት ተትል ተሻረ። በአይዋ ግዛት በዴ ሞይን ከተማ ደግሞ የቬትናምን ጦርነት ተቃውመው ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ያሰሩ ልጆች በታኅሣሥ 1965 ታገዱ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1969 ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ለልጆቹ ፈረደ። እነዚህ መዝገቦች አንድ ነገር ግልጽ አደረጉ፦ እገዳ ጥፋተኛን ብቻ ሳይሆን የማይፈለግ ሐሳብንም ከግቢ ማስወጫ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል።

ወሳኙ ፍርድ የመጣው ከኦሃዮ ነው። በ1971 በኮሎምበስ ከተማ ትምህርት ቤቶች በዘር ውጥረት የተነሣ ረብሻ ተቀስቅሶ ነበር። በአንድ ትምህርት ቤት የምሳ አዳራሽ ንብረት ሲወድም እዚያ የነበረ፣ ግን አላጠፋሁም ያለ ተማሪ ታገደ፤ እንደ ምስክርነቱ በዚያው ቀን ቢያንስ 75 ሌሎችም አብረውት ታግደዋል። ሌላዋ ተማሪ ከራሷ ትምህርት ቤት ውጭ በነበረ ሰልፍ ላይ ተይዛ ያለ ክስ ተለቀቀች፤ በማግሥቱ ግን መታገዷ ተነገራት። የግዛቱ ሕግ ርዕሰ መምህሩ ተማሪን እስከ 10 ቀን እንዲያግድ ይፈቅድ ነበር፤ የሚጠበቅበት በ24 ሰዓት ውስጥ ለወላጅ ማሳወቅ ብቻ ነበር። ልጁን መስማት አይጠበቅበትም ነበር። ጎስ እና ሎፔዝ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ጉዳይ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 1975 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ለተማሪዎቹ ተወሰነ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ባይረን ዋይት፣ ግዛቱ ለልጆች ትምህርት እስከሰጠ ድረስ ያ ትምህርት እንደ ንብረት ያለ መብት ስለሆነ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ያለ ሥርዓት ሊነጠቅ አይችልም አሉ። የተጠየቀው ሥርዓት ግን ትንሽ ነበር፦ ለተማሪው የተከሰሰበትን በቃል ወይም በጽሑፍ መንገር፣ ከካደ ማስረጃውን ማስረዳት፣ ቃሉን መስማት። ይህ ሁሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ በደቂቃዎች ሊያልቅ ይችላል። በልዩነት የጻፉት ዳኛ ሉዊስ ፓውል ቀደም ሲል የሪችመንድ ከተማ የትምህርት ቦርድ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ፍርድ ቤት በመምህሩ የዕለት ተዕለት ውሳኔ ውስጥ መግባቱ አሳሰባቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ያው ፍርድ ቤት ኢንግራም እና ራይት በተባለው የፍሎሪዳ መዝገብ በትምህርት ቤት በእንጨት መምቻ ክፉኛ የተደበደቡ ልጆችን ጉዳይ አየ። በዚህኛው የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ፓውል ናቸው። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ልጅን ለሦስት ቀን ቤቱ ለመላክ አስቀድሞ መስማት ግዴታ ሲሆን ለመደብደብ ግን ሕገ መንግሥቱ ያንን አይጠይቅም ተባለ። ሆኖም የብዙ ግዛቶች ሕግ አውጪዎች በቀጣዮቹ ዓመታት ዱላውን እየከለከሉ ሄዱ፤ ባዶ የቀረውን ቦታም በአብዛኛው የሞላው እገዳ ነው።

የእገዳን ስፋት በቁጥር ለሕዝብ ያሳየው ሜሪያን ራይት ኤደልማን በ1973 የመሠረቱት የሕፃናት ተሟጋች ድርጅት ነው። ድርጅቱ በ1975 ባወጣው ጥናት በአንድ የትምህርት ዘመን ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ልጆች እንደታገዱ፣ ጥቁር ልጆችም ከነጮቹ በእጅጉ በሚበልጥ መጠን እንደሚታገዱ አሳየ። አብዛኞቹ የታገዱት በጠብ ወይም በንብረት ማውደም አልነበረም፤ በመቅረትና በማርፈድ የታገዱም ነበሩ። ከትምህርት የቀረን ልጅ ከትምህርት በማስቀረት መቅጣት የሚያስከትለውን ለማየት ጥናት አያስፈልግም ነበር። ትምህርት ቤቶች በ1970ዎቹ ያገኙት የመጀመሪያ አማራጭ በግቢ ውስጥ እገዳ ነው፤ ተማሪው ከክፍሉ ወጥቶ በሌላ ክፍል ከጠባቂ ጋር ቀኑን ይውላል። ልጁ ጎዳና ላይ ባይውልም የሚሠራው ነገር ብዙ ጊዜ ግድግዳ ማየት ነበር።

የሁለተኛው ምንጭ ታሪክ የሚጀምረው በካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ በምትገኝበት በአላሚዳ ካውንቲ ነው። በ1966 የካውንቲው ዳኞች ከአንድ ተራ ችግር ጋር ተፋጠጡ፦ የትራፊክ ደንብ ተላልፈው መቀጮ የተጣለባቸው፣ የሚከፍሉት ግን የሌላቸው ሴቶች። ገንዘብ ያለው ከፍሎ ሲሄድ የሌላት ልትታሰር ነው፤ ብትታሰር ልጆቿ ያለ ጠባቂ ይቀራሉ። ዳኞቹ በመቀጮው ፈንታ በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ውስጥ ያለ ክፍያ የሚሠራ ሥራ አዘዙ። ዛሬ በዓለም የተሰራጨው የማኅበረሰብ አገልግሎት ቅጣት ከዚህ አነስተኛ ጅምር እንደሚነሣ የሕግ ታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። መነሻው ልብ ሊባል ይገባል፦ ሥራው የታሰበው ሰውን ለማዋረድ ሳይሆን ድህነት ራሱ ቅጣት እንዳይሆን ነው።

ሐሳቡን ወደ ሙሉ ሥርዓት ያሳደገችው ብሪታንያ ናት። በባሮነስ ባርባራ ዉተን የተመራው ኮሚቴ በ1970 ባቀረበው ሪፖርት ለአንዳንድ ጥፋተኞች ከእስር ይልቅ ሥራ እንዲታዘዝ መከረ፤ የ1972ቱ የወንጀል ፍትሕ ሕግ ምክሩን ተቀብሎ ዕድሜያቸው 17 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ከ40 እስከ 240 ሰዓት እንዲሠሩ ፈቀደ፤ በ1973 በስድስት አካባቢዎች ተሞከረ። ኮሚቴው አንድ ነገር በግልጽ አስተውሎ ነበር፦ ቅጣቱ ሁሉንም ያስደስታል። አንዱ ከእስር ቤት ይረክሳል ብሎ ይወደዋል፤ ሌላው ጥፋተኛው ማኅበረሰቡን ይክሳል ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ችግረኛን ማገዝ ሰውን ይለውጣል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። የዚህ ስምምነት ድክመት ቆይቶ ነው የታየው፤ ሁሉም የሚወደው ነገር ዓላማው ምን እንደሆነ ማንም አጥብቆ አይጠይቅም። በሕጉ ውስጥ ግን አንድ ጠንካራ ነጥብ ተቀምጧል። ዳኛው ሥራውን የሚያዘው ጥፋተኛው ከተስማማ ብቻ ነበር። ፈረንሳይም በሰኔ 1983 ሕጓ ተመሳሳይ ቅጣት ስታወጣ እምቢ የማለት መብትን ጠበቀች።

ከፍርድ ቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደውን ድልድይ ከሠሩት አንዱ የወጣቶች ችሎት ነው። በቴክሳስ የኦዴሳ ከተማ በ1983 የተጀመረው አሠራር ቀላል ጥፋት የፈጸመ ወጣትን በእኩዮቹ ፊት ያቀርባል፤ ጠበቃውም፣ ከሳሹም፣ ፍርድ ሰጪዎቹም ታዳጊዎች ናቸው፤ የሚወስኑትም በአብዛኛው የአገልግሎት ሰዓት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የተፈረደበት ወጣት ራሱ በሌላ ቀን ፍርድ ሰጪ ሆኖ እንዲቀመጥ ይታዘዛል፤ ከሥርዓቱ ሁሉ ብልሃቱ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2000ዎቹ እንዲህ ያሉ ችሎቶች በአገሪቱ ከ1,000 አልፈው ነበር፤ ከፊሎቹም በትምህርት ቤቶች ውስጥ ተቋቋሙ።

በዚያው ዘመን ግን አገልግሎት በሌላ በር ወደ ትምህርት ቤት ገባ፤ እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ትምህርት። የሜሪላንድ የትምህርት ቦርድ በ1992 ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ 75 ሰዓት የአገልግሎት ትምህርት እንዲጠየቅ ወሰነ፤ ደንቡ መጀመሪያ የተፈጸመው በ1997 ተመራቂዎች ላይ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይህን ደንብ በቅርብ ያውቁታል፤ ልጆቻቸው በብዛት ከሚማሩባቸው ወረዳዎች አንዱ የሆነው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለወላጆች የሚያሰራጨውን መረጃ በአማርኛም ያወጣል። በፔንሲልቬንያ የቤተልሔም ከተማ ትምህርት ወረዳ 60 ሰዓት፣ በኒውዮርክ ግዛት የራይ ኔክ ወረዳ 40 ሰዓት፣ በሰሜን ካሮላይና የቻፕል ሂል ወረዳ 50 ሰዓት ጠየቁ። በሦስቱም ቦታ ወላጆች ከሰሱ። ክርክራቸው ባርነትንና ያለ ፈቃድ ማገልገልን በከለከለው የሕገ መንግሥቱ 13ኛ ማሻሻያ ላይ የቆመ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቶች በ1993 እና በ1996 ክሶቹን ውድቅ አደረጉ፤ ማሻሻያው የወጣው ባርነትን ለማጥፋት ነው፣ ተማሪው ጥቂት ሰዓት እንዲያገለግል መጠየቅ ከዚያ ጋር አይወዳደርም አሉ።

እንግዲህ አንዱ ተማሪ ለምረቃ ብሎ የሚሠራውን ሥራ ሌላው ለጥፋቱ ሊሠራው ሆነ ማለት ነው፤ በአንድ የምግብ ማከፋፈያ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ጎን ለጎን። በመምህራንና በበጎ አድራጎት ሠራተኞች ዘንድ የተነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ከዚህ ይመነጫል፦ አገልግሎትን ቅጣት ብሎ የሰየመ ትምህርት ቤት ልጆቹ አገልግሎትን እንዲጠሉ ያስተምራል። ተቃውሞው ከባድ ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ቅዳሜውን በስፌት ክፍል ወይም በአትክልት ቦታ ያሳለፈ ልጅ ሥራውን የሚጠላውና የሚወደው ከስሙ ይልቅ በተሰጠው ሥራ ዓይነት ነው፤ ለሌላ ሰው እንደሚጠቅም የሚያየው ሥራ አለ፤ ለማሳፈር ብቻ የተፈጠረ ሥራም አለ።

ይህ ክርክር ገና ሳይበስል አገሪቱ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ አመራች። በ1994 የወጣው ፌዴራላዊ ሕግ፣ ግዛቶች የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ እንዲያገኙ ጦር መሣሪያ ይዞ ትምህርት ቤት የመጣን ተማሪ ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚያባርር ሕግ እንዲኖራቸው አስገደደ። ሕጉ የሚናገረው ስለ መሣሪያ ሲሆን እንደየጉዳዩ ሁኔታ ቅጣቱን ለማሻሻል የሚያስችል ቀዳዳም ነበረው። ወረዳዎቹ ግን «ትዕግሥት የለም» የሚለውን መንፈስ ወደ ጠብ፣ ወደ አደንዛዥ ዕፅ፣ ብሎም ለመምህር መልስ እስከ መስጠት አሰፉት፤ በ1999 በኮሎራዶ የኮሎምባይን ትምህርት ቤት የደረሰው ግድያ ደግሞ ፍርሃቱን አባባሰው። በ1974 በዓመት 1.7 ሚሊዮን የነበረው የታገዱ ተማሪዎች ቁጥር በ1998 ወደ 3.1 ሚሊዮን ደረሰ። በ2011 ስለ ቴክሳስ የወጣ ጥናት አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎችን መዝገብ ተከታትሎ፣ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባለው ጊዜ 60 በመቶ የሚጠጉት ቢያንስ አንድ ጊዜ በግቢ ውስጥም ሆነ ከግቢ ውጭ እንደታገዱ ወይም እንደተባረሩ አሳየ። ከእነዚህ ቅጣቶች የግዛቱ ሕግ ያስገደደው 3 በመቶውን ብቻ ነበር፤ የቀረው ሁሉ የትምህርት ቤቶቹ ምርጫ ነው። ምርጫ ከሆነ ደግሞ ሌላ መምረጥ ይቻላል፤ የለውጥ ፈላጊዎቹ ክርክር ከዚህ ቁጥር ተነሣ።

የማኅበረሰብ አገልግሎትን በእገዳ ቦታ በግልጽ ያስቀመጠው ሕግ የካሊፎርኒያ ነው። የግዛቲቱ የትምህርት ሕግ አንቀጽ 48900.6 ርዕሰ መምህሩ ወይም የትምህርት ቦርዱ ከሌላ ቅጣት ጋር ወይም በቅጣቱ ፈንታ ተማሪው ከትምህርት ሰዓት ውጭ እንዲያገለግል ለማዘዝ ይፈቅዳል። በግቢው ውስጥ ከሆነ ትእዛዙ ይበቃል፤ ከግቢ ውጭ ከሆነ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሕጉ በምሳሌነት የሚጠቅሳቸው አካባቢን ማስዋብ፣ ግቢን ማሻሻል፣ መምህራንን ወይም እኩዮችን ማገዝ ናቸው። ለመባረር በሚያበቃ ከባድ ጥፋት ጉዳዩ እየታየ ያለ ተማሪን አይመለከትም። በ2013 ሥራ ላይ የዋለ ማሻሻያ ደግሞ ለአብዛኞቹ ጥፋቶች እገዳ ከመወሰኑ በፊት ሌሎች ማረሚያዎች እንዲሞከሩ አጥብቆ ሲጠይቅ ይህን አንቀጽ ከአማራጮቹ መካከል ቆጥሮታል።

ፈረንሳይ በበኩሏ በሰኔ 2011 ባወጣቻቸው ደንቦች ጉዳዩን ከካሊፎርኒያ በረቀቀ መንገድ አዘጋጀችው። የተጠያቂነት ማስተማሪያ ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው ቅጣት ከ20 ሰዓት አይበልጥም፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይሠራል፤ በትምህርት ቤቱ፣ በማኅበር ወይም በአካባቢ መስተዳድር ዘንድ ሊፈጸም ይችላል። ከግቢ ውጭ ሲሆን ከተቀባዩ ድርጅት ጋር ውል ይፈረማል፤ የተማሪውና ዕድሜው ካልደረሰ የወላጁ ስምምነት ያስፈልጋል። ቢበዛ ስምንት ቀን ለሚቆየው ጊዜያዊ እገዳ ምትክ ሆኖ ሲቀርብ ደግሞ ተማሪው ቃል ገብቶ ሥራውን ከፈጸመ በግል ማኅደሩ የሚመዘገበው ይኸው አገልግሎት ብቻ ነው፤ እርሱም በ2011ዱ ደንብ መሠረት በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ይሰረዝ ነበር። ካልፈጸመ እገዳው ይጸናል። ስምምነት እንዲህ ተደጋግሞ የሚጠየቅበት በቂ ምክንያት አለ። በ1930 የወጣው ዓለም አቀፍ የግዳጅ ሥራ ስምምነት በፍርድ ቤት ተፈርዶ የሚሠራን ሥራ ከክልከላው ያወጣል፤ የአሜሪካው 13ኛ ማሻሻያም በወንጀል ለተፈረደበት ሰው ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። ትምህርት ቤት ግን ፍርድ ቤት አይደለም፤ ርዕሰ መምህሩም ዳኛ አይደለም።

ሕግ በወረቀት ቢፈቅድም አሠራሩ እገዳን ሊተካ ያልቻለበት ዋና ምክንያት ወጪ ነው። ተማሪው ሥራ ላይ ሲውል አብሮት የሚቆም አዋቂ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም ከትምህርት ሰዓት ውጭ ወይም ቅዳሜ ስለሆነ ትርፍ ሰዓት ይከፈላል። ከግቢ ውጭ ሲሆን መጓጓዣና የአደጋ ኢንሹራንስ ይጨመራል፤ ተቀባዩ ድርጅትም የተቀጣ ልጅ ለመቆጣጠር ፈቃደኛ መሆን አለበት። ስለዚህ በተግባር አብዛኛው አገልግሎት ወደ ግቢ ጽዳት ይወርዳል፤ መጥረጊያ ርካሽ ነው፣ የጽዳት ሠራተኛውም በቦታው አለ። እገዳ በአንጻሩ አንድ ቅጽ መሙላት ነው። ነጻ ነው መባሉ ግን በካሊፎርኒያ ላይ ትክክል አይደለም፤ ግዛቲቱ ለወረዳዎች ገንዘብ የምታከፋፍለው በየዕለቱ ክፍል በተገኙት ተማሪዎች ብዛት ስለሆነ እያንዳንዱ የእገዳ ቀን ከትምህርት ቤቱ ገቢ ይቀንሳል። ብዙ የትምህርት አስተዳዳሪዎችን ያሳመነው ከልጁ ጥቅም ይልቅ ይህ ሒሳብ ሳይሆን አይቀርም።

ከ2013 በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። በዚያ ዓመት ግንቦት የሎስ አንጀለስ የትምህርት ቦርድ «ሆን ብሎ አለመታዘዝ» በሚል ክስ ብቻ ተማሪን ማገድ ከለከለ። የባራክ ኦባማ መንግሥት የትምህርትና የፍትሕ መሥሪያ ቤቶች በጥር 2014 ለትምህርት ቤቶች በጋራ በጻፉት መመሪያ እገዳ የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆንና በዘር የሚያዳላ አፈጻጸም እንዲመረመር አሳሰቡ፤ የዚያው ዘመን መንግሥታዊ ቆጠራ በአንድ ዓመት 3.45 ሚሊዮን ተማሪዎች ከግቢ ውጭ እንደታገዱ፣ ከጥቁር ተማሪዎች 16 በመቶ፣ ከነጮች 5 በመቶ መታገዳቸውን ያሳያል። የዶናልድ ትራምፕ መንግሥት መመሪያውን በታኅሣሥ 2018 ሻረ። በዚያው ወር ራንድ የተባለው የምርምር ድርጅት በፒትስበርግ ከተማ 44 ትምህርት ቤቶች ያካሄደውን ጥናት አወጣ፤ ጥፋተኛና ተበዳይ ተነጋግረው የሚካካሱበት አሠራር የእገዳ ቀናትን ቀንሷል፣ መምህራንም የግቢው መንፈስ ተሻሽሏል ብለዋል፤ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉት ተማሪዎች የፈተና ውጤት ግን ዝቅ ብሏል። እገዳን መተው ብቻውን ክፍልን አያረጋጋም የሚሉ መምህራን ይህን ውጤት ደጋግመው ይጠቅሱታል፤ ያለ ምክንያትም አይደለም።

ጉዳዩ ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው በየግዛቱ ሕግ አውጪ እጅ ነው። ካሊፎርኒያ አለመታዘዝን ብቻ መሠረት ያደረገ እገዳን መጀመሪያ እስከ 3ኛ ክፍል፣ በ2020 እስከ 8ኛ ክፍል፣ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ደግሞ እስከ 12ኛ ክፍል ከለከለች፤ ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ክልከላ ካልታደሰ በሐምሌ 2029 ያበቃል። መምህሩ የሚረብሽን ተማሪ ከክፍል የማስወጣት መብቱ ተጠብቆለታል። ወደ ርዕሰ መምህሩ የላከው ተማሪ ምን እንደተደረገለትም በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በቃል ወይም በጽሑፍ እንዲነገረው ሕጉ ያዛል። በዚሁ ሕግ በመቅረት ወይም በማርፈድ ብቻ ተማሪን ማገድም ሆነ ማባረር ተከልክሏል።